በግራ እጅ የሚሳብ ፍሪሲዮን

መስከረም 18

ለባሌ ታናሽ ወንድም፣ ለእኔም ለወንድሜ

ሰላምታዬ ከዚህ ወረቀት ቀድሞ ደጅህን ያንኳኳ። ጤናህን፣ ሥራህን፣ እንቅልፍህን አምላክ ይጠብቅልህ። እኔ ደህና ነኝ። ግራ እግሬ እንደ ልጅነቴ ነች፤ ደስ ሲላት ትከተለኛለች፣ ሲከፋት ትቀራለች።

ወንድምህ ካረፈ ሁለት ዓመት ሞላው። በዚህ ሁለት ዓመት ውስጥ ከእኔ የደረሰህ አንድ መርዶና አንድ የምስጋና ወረቀት ብቻ ነው። ረስቼህ አይደለም። ብዕሩን አነሳና ከሰላምታው በኋላ ያለው ይጠፋኛል።

ዛሬ ግን ጉዳይ አለኝ፤ የመኪናዋ ጉዳይ። ያቺ ሁለታችሁ ከቁርጥራጭ የገጣጠማችኋት፣ ኮፈኗ ከአንዷ በሯ ከሌላዋ የመጣው መኪና፣ ዛሬም ግቢው ውስጥ አራት ግንድ ላይ ተቀምጣለች። ሸራዋን ገልጬ አላውቅም ነበር። ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን በያጁ፣ ያ «ሽቦ» የምትሉት፣ አሁን ሽበት ወሮታል፣ በአጥሩ ላይ ብቅ አለና

«እትዬ፣ ይቺን ብረት በኪሎ ልውሰዳት? ዝገቱ ሳይጨርሳት እኔ ልብላት» አለኝ።

«አትበላትም። ላስነሳት ነው» አልኩት። ከአፌ ሲወጣ ነው እኔም የሰማሁት።

«ማን ነው የሚያስነሳት?»

«እኔ።»

ሳቁ መንገድ ማዶ ድረስ ተሰማ። እንግዲህ አፌ አንዴ ቀድሞኛልና አንተ አስተምረኝ። በስልክ ልንገርሽ እንዳትለኝ። በስልክ የሰማሁት ስልኩን ሳስቀምጥ አብሮ ይቀመጣል። ደብዳቤ ግን ኮፈኑ ላይ ዘርግቼ፣ ድንጋይ ጭኜበት፣ አንድ መስመር አንብቤ አንድ ብሎን እፈታለሁ። መፍቻዎቹ ሁሉ አሉኝ። ከየት ልጀምር?

አንተስ እንዴት ትውላለህ? ማንን ታጫውታለህ? እሱንም ጻፍልኝ።

የወንድምህ ሚስት


ጥቅምት 20

እትዬ፣

ከዚህ ሁሉ መሬት ማዶ ሆኜ ጎንበስ ብዬ እጅ ነስቻለሁ። ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ያቺን እግርሽንም ትዕግሥት ይስጣት።

ደብዳቤሽን የያዝኩት በምሳ ሰዓት ነበር። «ላስነሳት ነው» የሚለው ላይ ስደርስ ብቻዬን ሳቅሁ። አብረውኝ የሚሠሩት ሰዎች ዞረው አዩኝ፤ ስስቅ አይተውኝ አያውቁም መሰለኝ።

የምሠራው ትልቅ የመለዋወጫ መጋዘን ውስጥ ነው። ሳጥን ከአንድ መደርደሪያ አውርጄ ሌላ መደርደሪያ ላይ እሰቅላለሁ። እዚህ መኪና አይታከምም፤ የታመመው ተነቅሎ ይጣላል፣ አዲስ ይገባል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስለ ካርቡራተር ከማንም ጋር አልተጣላሁም። ጋሼ «አጥብቀው»፣ እኔ «አላላው» እያልን የምንጮኸው ጩኸት አንዳንድ ቀን በሳጥኖቹ መሀል ይሰማኛል።

በይ ስሚ። ባትሪ እንዳታገናኚ። መጀመሪያ ነዳጁን የሚያቀጣጥሉትን አራቱን ካንዴላዎች ፍቺ። በየቀዳዳቸው ሁለት ሁለት ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሪና አራት ቀን ተያት። ከዚያ ማርሽ ውስጥ አለመሆኗን አይተሽ፣ ከፊት ቺንጊያው፣ የላስቲኩ ቀበቶ፣ የሚዞርበትን ትልቁን ብሎን በረጅሙ መፍቻ ቀስ ብለሽ ሳቢው። እምቢ ካለ አትታገይው፤ ዘይት ጨምረሽ ሌላ ሁለት ቀን ጠብቂ። ብዙ ዓመት ዝም ያለ ሞተር በጉልበት ቢያናግሩት ይሰበራል።

የፈታሽውን ብሎን በተፈታበት ተራ ሽቦ ላይ ሰኪው፤ ስትመልሺ ከመጨረሻው ትጀምሪያለሽ። የጋሼ አሠራር ነው፣ ታውቂዋለሽ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከከበደሽ እለፊው። ከስምንት ዓመት በፊት ለጋሼ አንድ ጥያቄ ጽፌለት ነበር። መልሱ ሲመጣ ስለ ዝናብና ስለ ግቢው አጥር ነበር። ያን ደብዳቤ ስታነቢለት ፊቱ ምን መሰለ? ቀብሩ ላይ ያልቆምኩት በዚያ ምክንያት ነው። በቁሙ ያልፈለገኝን ሰው በሞቱ ምን አስቸግረዋለሁ አልኩ። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ወንድምሽ


ኅዳር 14

ወንድሜ፣

እጅህ አይዛል፣ ደጅህ አይዘጋ። ደብዳቤህን ኮፈኑ ላይ ድንጋይ ጭኜበት ሠራሁበት፤ የዘይቱ ምልክት ስላለበት እንግዲህ ለሌላ ሰው አይታይም።

ካንዴላዎቹ ሦስቱ ወጡ፣ አራተኛው አኮረፈ። ሁለት ቀን ለምኜው ወጣ። ዘይቱን ጨመርኩ። በአራተኛው ቀን መፍቻውን ስስብ ግድግዳ የምገፋ መሰለኝ። አልታገልኩም። እንዳልከኝ ጨምሬ ጠበቅሁ። በሰባተኛው ቀን ከሆዷ «እህ» የሚል ድምፅ ወጣና መፍቻው እጄ ላይ ተንቀሳቀሰ። ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ሽቦ በአጥሩ እያየ ስለነበር ላብ ነው አልኩት።

አዲስ ካንዴላ ልገዛ ዕቃ መሸጫ ሄጄ ነበር። ባለሱቁ «እናቴ፣ ሹፌሩን ላኪው፤ ዓይነቱን አንቺ አታውቂውም» አለኝ። የድሮውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። «ይሄን የመሰለ አራት ስጠኝ፤ ነፍስ ያላቸውን» አልኩት። ከዚያ በኋላ ወንበር ሰጠኝ።

የካርቡራተሩ ጓርኒሲዮን፣ ያ የወረቀት ማሸጊያው፣ ስከፍተው ተቀደደ። የሚተካው ስላልተገኘ የተቀደደውን ወፍራም ወረቀት ላይ አስቀምጬ ዙሪያውን በእርሳስ ዞርኩትና በመቀስ ቆረጥኩት። ዕድሜዬን ሙሉ ልብስ ሰፍቼ የለ? ይህም አንገት ማውጣት ነው።

አሁን ያልገባኝን ልጠይቅህ። ከመሪው ሥር በግራ በኩል አንድ የተበየደ ዘንግ አለ፤ ጫፉ ላይ ላስቲክ ተጠምጥሞበታል። በሌላው ጫፉ ምንም አልያዘም። አንተ ሳለህ አልነበረም። ሽቦን ብጠይቀው «እኔ ነኝ የበየድኩት። ባልሽ ለምን እንደሆነ ሳይነግረኝ ‹ዝም ብለህ በይድ፣ አፍህንም አብረህ በይደው› አለኝ» አለኝ። ምንድን ነው? ልቁረጠው?

የጠየቅኸኝን አልዘለልኩትም። እመለስበታለሁ። አሁን እጄ ግሪስ ነው።

የወንድምህ ሚስት


ታኅሣሥ 19

እትዬ፣

ሰላም ውለሽ ሰላም እደሪ። እንዳትቆርጪው! ይህን ቃል ከሰላምታው በፊት ልጽፈው ነበር።

ያ ዘንግ ፍሪሲዮን ነው። በግራ እግር የሚረገጠውን በግራ እጅ ለመሳብ የተሠራ ነው። ገመድ ሳይገባለት ቀርቶ ነው ባዶውን የቀረው። ጋሼ ከማረፉ በፊት በነበረው ዓመት ስለዚህ ጽፎልኛል። ደብዳቤውን አውጥቼ አየሁት፤ ጽሕፈቱ ያንቺ ነው፣ ልትረሺው አትችይም። «አንድ ደንበኛ ፍሪሲዮኑን በእጅ መሳብ ይፈልጋል፤ ገመዱን በየት በኩል ላሳልፈው?» ይላል። እኔም እያሾፍኩ «ደንበኛህ እግር የለውም ወይ?» ብዬ ጻፍኩ። ቀጥሎ የመጣው መልስ ይሄ ነው፦ «እግሩስ አለ። ችግሩ ኩሩ ነው፤ ማንንም አድርሱኝ አይልም። ከመለመን በእግሩ መጎተት ይመርጣል። ስለዚህ ራሱ ይንዳ።»

እትዬ፣ ያን ያጻፈሽ ላንቺ ነው። ደንበኛው አንቺ ነሽ።

በራስሽ እጅ ስለራስሽ ሲያጽፍሽ ፊቱን ባየሁት! ከጻፍሽው በኋላ ምን አልሽ? «ይሄ ምን ዓይነት ደረቅ ሰው ነው» ብለሽ አምተሽው ይሆናል።

ገመዱን በሚቀጥለው እነግርሻለሁ። የጠየቅሁሽንም አልረሳሁም። እጅሽን ስትታጠቢ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ


ጥር 12

ወንድሜ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ተቀምጠህ አንብበው። እጄን ታጥቤያለሁ።

አዎ፣ ደንበኛውን አምቼዋለሁ። «ይሄስ ትዕቢቱ ነው የሚያስነክሰው» አልኩ። ወንድምህ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ለምን እንደሚስቅ አልገባኝም ነበር። ደብዳቤህን ካነበብኩ ወዲህ አንድ ሳምንት ሙሉ መኪናዋ አጠገብ አልደረስኩም። እሱ ደግ ነገር ደብቆኝ ሄዷል። እኔ የደበቅሁት ግን ደግ አይደለም።

ስትሄድ ሁለታችንም ፊደል አናውቅም ነበር። ደብዳቤህን ጎረቤት ሲያነብልን ወንድምህ በሰው ፊት እንዳያለቅስ አንገቱን ይደፋል። አንጀቴን በላው። የሰፈር ሴቶች ቀሚስ እየሰፋሁ፣ ከልጆቻቸው አሮጌ መጽሐፍ እየተዋስኩ፣ ከዕቃ ካርቶን ላይ እየገጣጠምኩ ብቻዬን ፊደል ለየሁ። ያንተን ደብዳቤ ላነብለት ነው የተማርኩት። ይህን አስቀድመህ እወቅልኝ፤ የሚከተለውን ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም።

ያን ቀን ደብዳቤህ ሲመጣ እጁን በሳሙናና በአሸዋ እያሸ ነበር። የመጀመሪያውን ገጽ አነበብኩለት። ገለበጥኩት። ዓይኔ ከአፌ ቀድሞ ወረደ። የጻፍከውን በቃሌ ይዤዋለሁ፦ «እዚህ ደክሞኛል። ና በለኝና ልምጣ፤ ግቢው ውስጥ የራሳችንን ጋራዥ እንክፈት። ካልፈለግህ ግን ባታነሳው ይሻላል፤ ዝም ካልክ ይገባኛል፣ አልቀየምህም።»

ሳልኩ። «በቃ?» አለኝ። «በቃ፣ ሰላምታ ነው የቀረው» አልኩት። ግማሽ ገጽ ነው። ወረቀቱን አጠፍኩት።

ለምን አትለኝም? አንተ ሳለህ ከፀሐይ መውጫ እስከ መግቢያ ሁለታችሁ መኪናዋ ሥር ነበራችሁ። እኔ የማየው አራት ጫማ ነበር። አንተ ከሄድክ በኋላ አመሻሽ ላይ አጠገቤ ይቀመጥ ጀመር። አነብለታለሁ፣ ይሰማኛል። ደብዳቤህን፣ የተቀደደ ጋዜጣ፣ የመድኃኒት ወረቀት ሳይቀር። ከተጋባን በአሥራ ምናምን ዓመታችን ባል ያገኘሁ መሰለኝ። ያንን ልትወስድብኝ ነው አልኩ። ይኸው ነው፤ ከዚህ የከበደ ምክንያት ቢኖረኝ ደስ ባለኝ።

ነገ አነብለታለሁ ብዬ ነበር። ነገ ሆነ። በሳምንቱ ባነብለት «ያኔ ለምን ዘለልሽው?» ይለኛል ብዬ ፈራሁ። በወሩ ፍርሃቱ በለጠ። በዓመቱ ደግሞ እውነቱ ከእኔ ከፍ ብሎ የማልደርስበት ሆነ። ከዚያ በኋላ ደብዳቤህ በመጣ ቁጥር አንብቤ ስጨርስ እንዲህ ይለኝ ነበር፦

«ስለ መምጣት ያነሳው ነገር የለም?»

«የለም» እለዋለሁ።

«ተመችቶታል ማለት ነው» ይላል። ለስድስት ዓመት። ታሞ አልጋ ላይ ሆኖም ጠይቆኛል።

ይቅር በለኝ የሚለው ቃል ለዚህ ጠቦኝ ተውኩት። ግን ይህን እወቅ፦ አልተጠላህም። እስከ መጨረሻው ስትጠበቅ ነበር።

የወንድምህ ሚስት


መጋቢት 2

ወንድሜ፣

ጤናህን ከሩቅ እለምናለሁ። ሁለት ወር ሊሞላው ነው። መልስህን አልጠይቅህም፤ መጠየቅ የሚገባኝ ሰው አይደለሁም። ሥራው ግን እጄ ላይ ነው፣ ብተወው ደግሞ የባሰ ሰው እሆናለሁ።

አሮጌውን ነዳጅ ቀድቼ ደፋሁ። አዲስ ባትሪ ገባ። ትናንት ሽቦ ባለበት ቁልፉን አዞርኩ። ተነሳች! እስከ አሥር ስቆጥር ሠራችና ጠፋች። ደግሜ ሞከርኩ፣ እስከ ሰባት። ሽቦ «ቆጠራው ወደ ታች ነው፣ እትዬ፣ ይብቃሽ» ብሎኛል።

ስለ እጅ ዘንጉም አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል። ግራ እጄ ፍሪሲዮን ከሳበ፣ ቀኝ እጄ ማርሽ ከቀየረ፣ መሪውን ማን ሊይዝልኝ ነው?

የወንድምህ ሚስት


ሚያዝያ 6

ለወንድሜ ባለቤት፣

እንደምን ሰነበቱ። ሁለቱም ደብዳቤዎች ደርሰውኛል።

ሞተሩ ተነስቶ የሚጠፋው ነዳጅ እያነሰው ነው። ከታንኩ የሚመጣውን ቱቦ ከሁለቱም ጫፍ ይፍቱና በጎማ መንፊያ ይንፉት፤ በአፍዎ አይሞክሩ።

እግር የሚገፋውን ያህል እጅ አይስብም። በያጁ ዘንጉን በአንድ ስንዝር ያስረዝመው፣ ያኔ ይቀልልዎታል። ገመዱ ከሞተሩ የጋለ ጎን ይራቅ፣ ሹል ጠርዝ ላይም አይታጠፍ። ማርሽ የሚቀይሩት ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ብቻ ይሁን፤ ጎማዎቹ በትክክል ከተስተካከሉ መሪው ለአንድ አፍታ ራሱን ይችላል።

ለጊዜው ሌላ የምጽፈው የለኝም።


ሚያዝያ 30

ወንድሜ፣

«እርስዎ» ብለህ ጻፍክልኝ። አክብሮት እንዲህ የሚያቃጥል መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ግን ይገባኛል።

ቱቦው ውስጥ የደረቀ ጭቃ ነበር። ነፋሁት፣ አሁን ሳትጠፋ ትሠራለች። ዘንጉ ረዘመ። የመለማመጃ ፈቃድም አውጥቻለሁ፤ ሽቦ እያስተማረኝ ግቢው ውስጥ ሦስት እርምጃ ወደፊት፣ ሦስት እርምጃ ወደኋላ እሄዳለሁ። እሱ የአጥሩን ወጪ እያሰበ ያምጣል።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። የወንድምህን ደብዳቤዎች ካልጣልካቸው እንደገና አንብባቸው። ጽሕፈቱ የእኔ ስለሆነ ዛሬ እንደማታምነው አውቃለሁ። ግን ከተናገረው አንድ ቃል አልጨመርኩም፣ አንድ ቃል አልቀነስኩም። የዘለልሽው ስታነቢ እንጂ ስትጽፊ አልነበረም ብትለኝ እውነት ነው። የነገረኝን ሁሉ፣ ሳይገባኝ እንኳ፣ እንዳለ አስቀምጬዋለሁ።

የወንድምህ ሚስት


ሰኔ 11

እትዬ፣

ሰላም ላንቺ፣ ሰላም ለግቢው።

አልጣልኳቸውም። ሃያ ሦስት ናቸው። ባለፈው እሑድ ሁሉንም መሬት ላይ ዘርግቼ፣ ተንበርክኬ፣ እንደ ተበተነ ሞተር በተራ አስቀመጥኳቸው። ከዚያች ደብዳቤዬ በኋላ የመጡትን ለይቼ አነበብኩ።

«ዝናቡ አቁሟል፤ መንገዱ ደርቋል፣ ለመንገደኛ ይመቻል።» «አጥሩን ወደ ውጭ ገፋሁት፤ ግቢው አሁን ሁለት መኪና ያቆማል።» «በስተጓሮ ያለችውን ክፍል ቀለም ቀባናት፤ ማንም አይተኛባትም።» «ሁለተኛ የመኪና ማንሻ ክሪክ ገዛሁ፤ አንድ ሰው በሁለት ክሪክ ምን እንደሚሠራ እንጃ።»

እኔ ለስምንት ዓመት ስለ አጥር የጻፈልኝ መስሎኝ ነበር።

ና ብሎ አያውቅም፤ አፉ እንደዚያ አይታዘዘውም ነበር። እኔም ዝም ካልክ ይገባኛል ብዬ በገዛ እጄ በሩን ዘጋሁበት፣ ደግሜም አልጠየቅሁትም። አንቺ ግማሽ ገጽ ደበቅሽ። እኔና እሱ ደግሞ አፍ እያለን ስንቱን ደበቅን! ይህን የምልሽ ላቀልልሽ አይደለም። ቂሜ አላለቀም፤ አንዳንድ ቀን የተሸከምኩትን ሳጥን በድንገት አስቀምጬ እቆማለሁ። ግን ስለ እሱ የማወራው ሰው ቢኖረኝ አንቺ ብቻ ነሽ፤ እሱ በስንት ሰዓት እጁን እንደሚታጠብ የሚያውቅ ሌላ ሰው በዓለም ላይ የለም።

ስለዚህ ጥያቄዬን እንደ አዲስ እጽፈዋለሁ። አሁን የግቢው ባለቤት አንቺ ነሽ። እዚህ ደክሞኛል። ና በይኝና ልምጣ። ካልፈለግሽ ግን፣ በዚህኛው ጊዜ፣ «አልፈልግም» ብለሽ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ


ሰኔ 29

ወንድሜ፣

ሰላምታዬ አጭር ነው፣ ምክንያቱን ስነግርህ ትስቃለህ። ይህን የምጽፈው ፖስታ ቤቱ በር ላይ፣ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጬ፣ ወረቀቱን መሪው ላይ አስደግፌ ነው። ሞተሩን አላጠፋሁትም፤ ካጠፋሁት ዳግም መነሳቱን አላመንኩም። ጽሕፈቴ የሚንቀጠቀጠው በእሷ ነው፤ ግማሹ እንኳ በእሷ ነው።

ሽቦ ጎኔ ነው። ከቤት እስከዚህ በሩን በሁለት እጁ ጨብጦ «እትዬ፣ ፍሬን! እትዬ፣ ፍሬን!» እያለ ነው የመጣው። እስከ ሁለተኛ ማርሽ ደርሻለሁ። ከኋላችን ብዙ ጥሩምባ ነበር፤ ሰላምታ ነው ብዬ እጄን አወጣሁላቸው።

ደብዳቤህን ትናንት ለሽቦ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ ፊቱንም ጀርባውንም፣ እስከ መጨረሻዋ «ወንድምሽ» ድረስ። ሲሰማ ቆየና «ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለኝ። አሁን ደግሞ «ነዳጁ እያለቀ ነው» እያለኝ ነው።

ና።